የአንዳርጋቸው ደብተር

አስናቀው እንኳን ሰውን የገዛ ጥላውንም አያምን። ከደርግ ጦር ኮብልሎ ሱዳን፣ ገዳሪፍ ሲገባ ግራ ጉልበቱን ጥይት በስቶት ነበር። ቁስሉስ ዳነ፤ ጉልበቱ ግን አልታጠፍ አለ። ሰሊጥ ደግሞ ጎንበስ ቁጢጥ ሳይሉ አይታጨድ! ካላጨደ በሰው አገር ምን ሊበላ ነው?

በስደተኞች መጠለያው ክሊኒክ አንዳርጋቸው የሚባል ያገሩ ሰው አለ። መርፌ አይወጋ፣ ክኒን አይሰጥ፤ ሥራው የደረቀ መገጣጠሚያ ማፍታታት ነው። ወጌሻ ቢሆን ቅቤውን ቀብቶ፣ አሽቶ፣ ስቦ ያሰናብትሃል እንጂ አይመረምርህም። የዚህኛው ጥያቄ ግን፣ አቤት! እርሻው ምን ያህል ይርቃል? ስታጭድ እስከ የት ትጎነበሳለህ? ውሃ ማን ያቀብልሃል? ይጠይቅና ጉልበቱን ለክቶ፣ በአስናቀው ስም በከፈታት ደብተር ላይ ይጽፋል።

«ለመሆኑ ይሄን ሙያ የት ተማርከው ዶክተር?» አለው አስናቀው አንድ ቀን፣ ሊያወጣጣው ፈልጎ።

«ኧረ ዶክተር አይደለሁም። መንግሥት ኩባ ልኮኝ ሦስት ዓመት ተማርኩ። መጀመሪያ ጡንቻና ጅማቱን ሬሳ ላይ፣ ኋላ አካሄዱን በሽተኛ ላይ። አገር ቤት ስመለስ የጦር ቁስለኞችን ማራመድ ነበር ሥራዬ። አንተም ወታደር እንደነበርክ ስትራመድ አውቄብሃለሁ» ብሎ ሳቀ።

አስናቀው ክው አለ። ደርግ ያስተማረው፣ ወታደርነቱን ያወቀበት፣ በዚያ ላይ የሚጽፍ! ከዚህ ወዲያ ምን ይጠበቃል? ሰውዬው ሌላ በሽተኛ ሊያስገባ ዞር ሲል ደብተሯን ብብቱ ሥር ወሸቀና፣ ራቅ ወዳለችው ሀዋታ በሚሄድ ሎሪ ላይ ተሳፈረ።

ዓመት አለፈ። እሱ ማንበብ አይችል፤ ሰው እንዳያስነብብ ምስጢሩ ሊወጣ ነው። እንዳያቃጥላት ደግሞ የተጻፈበትን ሳያውቅ መቅረቱ ከነከነው። ጉልበቱ ተመልሶ ግትር አለ። አጨዳ ሲደርስ ጓደኞቹ እርሻ ወረዱ፤ እሱ ራሒማ ሱቅ ደጃፍ እግሩን ዘርግቶ ጆንያ ይሰፋል።

ራሒማ የመተማ ሰው ናት፤ አፏን ትጠብቃለች። ሲጨንቀው ደብተሯን አወጣላት።

«እስቲ እቴ፣ ምን ብሎ እንደከሰሰኝ ንገሪኝ።»

ራሒማ ገለጠቻት። «ሥራ፣ ገበሬ። የጉዳቱ ምክንያት፣ ከዛፍ ወድቆ።»

«ከዛፍ? የጥይቱን ጠባሳ እያየ? ኧረ እኔ ከዛፍ ወድቄ አላውቅም!»

«እንዲያ ነው የሚለው። ከዚያ የጉልበትህ መታጠፊያ ልክ በቁጥር ነው፤ አርባ፣ ሃምሳ አምስት፣ ሰባ፣ ዘጠና። መጨረሻው ላይ ደግሞ፣ ‹ጉልበቱ በደንብ እየታጠፈ ነው። ሳያቋርጥ አራት ሳምንት ቢመጣ ቁጢጥ ይላል፤ ለአጨዳ ይደርሳል።›»

«ሌላስ? ስለ ወታደርነቴስ?»

«ሌላ የለም ወንድሜ።»

አስናቀው «አራት ሳምንት» አለ፤ ደግሞ «አራት ሳምንት» አለ። ሊነሳ ፈለገ፤ ግን ራሒማ ክንዱን ይዛ እስክታነሳው መጠበቅ ነበረበት።