ዌንደል በግራ ጎኑ ሲወድቅ

«ደረሰ! አሁን ነው የሚመታው፤ ዝም በሉ!» አለ የባሏ የሥራ ጓደኛ ኦቲስ፣ ከሶፋው ጫፍ ሆኖ ቴሌቪዥኑን እያየ።

ሎርና ማንም ያልጨረሰውን ሳህን አንስታ ወደ ኩሽና ገባች። ባሏ ዌንደል ከተቀበረ ሦስተኛ ቀኑ ነው። የኒውሆል ከተማ ጎረቤቶቿ ያመጡት ምግብ ጠረጴዛው ላይ ተደርድሯል፤ ወገባቸው የጎበጠ የድሮ የፊልም ፈረሰኞች ሳሎኑን ሞልተው ዌንደልን በቪዲዮ እያዩ ይሳሳቃሉ። ሎርና ተኩሱን ላለመስማት ቧንቧውን ለቀቀችው።

ዌንደል ክራፍ ሠላሳ ዓመት በቴሌቪዥንና በካውቦይ ፊልም ሲሠራ አንድ ቀን እንኳ ደግ ሰው ሆኖ አያውቅም። ባንክ ይዘርፋል፣ ከብት ይሰርቃል፣ መጨረሻ ላይ ይገደላል። አሟሟቱስ! ከጣራ፣ ከፈረስ፣ ከሰገነት እየተምዘገዘገ ነው። ቤቱ ሲገባ ግን ሸረሪት መግደል የማይሆንለት፣ በብርጭቆ ሸፍኖ ደጅ የሚያወጣ ሰው ነበር።

ስድሳ ሦስት ጊዜ ሞቷል፤ ሎርና አንዱንም አላየችም። ሽጉጥ ሲመዘዝ ብድግ ብላ ትወጣለች። እሱም ከሶፋው ላይ፣ «ነይ በቃ፣ ሞቼ ጨረስኩ!» ብሎ ይጠራታል። ተሳስቀው የቀረውን አብረው ያያሉ።

ባለፈው ሳምንት ሆስፒታል ውስጥ ነርሷ፣ «ብዙም አይቆይም» ስትላት፣ ሎርና «ቡና ላምጣ» ብላ ወጣች። ስትመለስ አልቋል። በዚያን ቀን ጠርቶ የሚመልሳት አልነበረም።

ልጇ ጁዲት ኩሽና ገባች። «እማዬ፣ ሰው እየጠየቀሽ ነው።»

«ሳህን እያጠበች ነው በያቸው።»

«እሱን ሳህን ሦስት ጊዜ አጠብሽው እኮ!»

ሎርና ሳህኑን ለቀቀችው። «ጥዬው ወጣሁ፣ ጁዲት። እንደ ፊልሙ ጥዬው ወጣሁ። ያችን ደቂቃ እንኳ አብሬው መሆን አቃተኝ።»

ኦቲስ በሩ ላይ ቆሞ ሰምቷል። ሠላሳውን ዓመት ከዌንደል ጎን የጋለበ፣ አብሮት የወደቀ፣ አሁን አንድ እግሩን የሚጎትት ሰው ነው።

«ዌንደል ሁልጊዜ በግራ ጎኑ ለምን እንደሚወድቅ ታውቂያለሽ?» አላት።

«መች አይቼ?»

«ቀለበቱን አላወልቅም ብሎ ነዋ! ዳይሬክተሮቹ፣ ‹ወንበዴ የጋብቻ ቀለበት አያደርግም› እያሉ ያብዳሉ። እሱ ደግሞ ንቅንቅ የለም። እስከቆመ ድረስ ግራ እጁን ኪሱ ይከታል። የሞተ ሰው ግን እጅ ኪስ አይከትም። ስለዚህ እጁን ከሥሩ አድርጎ ይወድቅበታል። ሁለቴ ጎድኑ የተሰበረውም በዚሁ ነው።»

«ፈረስ ረገጠኝ ነበር ያለኝ!»

«ፈረሱ ምን አደረገ!»

«አይ ዌንደል! አንተ ውሸታም!» አለች። በሦስት ቀን ውስጥ መጀመሪያ የሳቀችው ያኔ ነው። ሳቁ መሀል ላይ ለቅሶ ሆነባትና በፎጣው ፊቷን ሸፈነች።

ከዚያ እጇን አደረቀችና ሳሎን ገባች። «ወደ ኋላ መልሱት» አለች።

ጎረቤቶቹ ተያዩ። አንዷ፣ «ኧረ ይቅርባት!» ብላ ስታንሾካሹክ ኦቲስ ገላመጣት። ካሴቱን መለሰው። ሎርና ከምግብ ጠረጴዛው አንድ ወንበር ጎትታ ከቴሌቪዥኑ ፊት ተቀመጠች፤ ጉልበቷ መስታወቱን ሊነካ ምንም አልቀረው።

ወጣቱ ዌንደል ሰገነቱ ላይ ወጣ። ያ አስቀያሚ ጢሙ ተለጥፎለታል። ከታች ሽጉጥ ተመዘዘ። ሎርና ከወንበሯ ብድግ አለች፤ ጁዲት ልትይዛት እጇን ዘረጋች። ሎርና ግን የወንበሩን ጠርዝ ጨብጣ ተመልሳ ተቀመጠች።

ተኩሱ ጮኸ። ዌንደል የሰገነቱን መከለያ ሰብሮ ቁልቁል ወረደ፣ በግራ ጎኑ አቧራው ላይ ተዘረረ። ግራ እጁ አይታይም።

«አቁመው!» አለች።

ኦቲስ አቆመው። ምስሉ እየተንቀጠቀጠ ቀረ። የሚበላውም ማንኪያውን አስቀመጠ።

ሎርና ጎንበስ ብላ መዳፏን መስታወቱ ላይ፣ የባሏ እጅ ከተደበቀበት ጎን ሥር አሳረፈችው።

«አለሁ፣ ዌንደል» አለችው። «አለሁ፤ አልሄድኩም።»

እጇንም አላነሳችም።