የቀረው አንድ እግር ስኪ

"እሁድ ትወዳደራለች እንዴ?" አለች ጎረቤታቸው ሴንዚ፣ ቀንበጥ ጸበል ውስጥ ነክራ አስከሬኑ ላይ እየረጨች። ማንሾካሾኳ ነው እንግዲህ፤ ቤቱ ሙሉ ሰማት።

"ወሬውን ተዪና ጸልዪ" አለቻት ሮሲና፣ የሟች ሚስት።

ልጃቸው ቡርጋ አባቷ እግርጌ ቆማለች። ነገ ቀብር፣ በማግስቱ እሁድ ስላሎም፣ በስኪ በረዶ ላይ የመንሸራተት ውድድር። ሃያ ዘጠኝ ዓመቷ ነው፤ ጉልበቷን ሦስቴ ቀዶ ጥገና ተደርጎላታል። እሁድ ነጥብ ካላመጣች ከብሔራዊ ቡድኑ መውጣቷ ነው። አሰልጣኙ በስልክ ካጽናናት በኋላ ይህንኑ ነገራት፣ አፉን እየያዘው።

"እግዜር ያጥናሽ ልጄ" አሉ አንድ ሽማግሌ ሾርባቸውን አስቀምጠው። "አባትሽ ኮርቢኒያን ግን ጨካኝ ነበር። አንድ ቀን እንኳ ውድድርሽን አላየም።"

ምን ያውቃሉ! ውድድሯ በቴሌቪዥን ሲጀመር አባቷ በረት ገብቶ ላሞቹ መሃል ይቆም ነበር፣ ሮሲና "ጨርሳለች!" ብላ እስክትጮህ። መጀመሪያ የጉልበቷ ጅማት የተበጠሰ ጊዜ ቡርጋ ለምን እንደማያያት ተቆጥታ ጠየቀችው።

"የስኪሽን ጠርዝ እሞርዳለሁ" አላት። "ስትወድቂ ማየቱን ግን አልችልም፣ ተዪኝ።"

ማክሰኞ ከሰዓት ምድር ቤት ሲሞርድላት ልቡ ቀጥ አለች።

ቡርጋ ለቀስተኛውን ትታ ወደ ምድር ቤቱ ወረደች። የቀኙን ስኪ ጠርዝ በጥፍሯ ሞከረችው፤ ላጥ አደረገው። ሞርሳው ላይ የታሰረው ግራው ግን አባቷ ሳይደርስበት የቀረ፣ ዱልዱም ነው። እንዲህ ሆኖ በረዶው ላይ መውጣት ራስን መግደል ነው። የቡድኑ መካኒክ "ሁለቱንም አምጪልኝ፣ በማሽን እሰራልሻለሁ" ብሏታል። የአባቷን ሥራ ሊፍቅባት! ሞረዱን አነሳች። እሱ እያለ ነክታው አታውቅም።

"ትሄጃለሽ ማለት ነው?" ሮሲና ደረጃው ላይ ቆማለች፣ በጥቁር ቀሚሷ።

"ፈርቻለሁ እማዬ። ግን እሄዳለሁ።"

"እኔ አልፈልግም። እሱን ሳልቀብር ደግሞ አንቺን... አልፈልግም፣ ሰምተሻል?"

"ሰምቻለሁ።"

ሞረዱ አዳለጣት። ስኪው ሞርሳው ላይ ተወዛወዘ። ደግማ ሞከረች፤ አሁንም ተወዛወዘ። እንባዋ መጣ።

ሮሲና ወረደች። ቡርጋ መወዳደር ከጀመረች በሃያ ዓመት ውስጥ ስኪ በእጇ ነክታ አታውቅም። የሐዘን ቀሚሷን እጅጌ ሰብስባ የስኪውን ጫፍ በሁለት እጇ ጥፍንግ አድርጋ ያዘችው።

"በይ ቶሎ" አለች፣ "ሰዉ ይጠብቀናል።"