የውስጥ አርበኛዋ

ሀዊ ጅቡቲ ከተማ፣ ሄሮን ሰፈር፣ ባሕሩን ፊት ለፊት በሚያይ አሮጌ የፈረንሳይ ቤት ተቀጥራ ስትሠራ ስድስት ዓመት ሆኗታል። በዕውቀቱ የሚባል ዳይሬክተር ከአዲስ አበባ መጥቶ ቤቱን ለአራት ቀን ተከራየው። በጣሊያን ወረራ ዘመን ድሬዳዋ ውስጥ የአንድ ጣሊያን መኮንን ቤት ሆኖ እንዲቀረጽለት ነው። ድሬዳዋ ያሉትማ ቤቶች ሱቅ ሆነውበታል።

አሠሪዋ ማዳም ዙለይካ ሆዳን ሰፈር ወዳለችው እህቷ ዘንድ ስትሄድ፣ “ግድግዳዬን ሚስማር እንዳይመቱብኝ” ብላት ሄደች። ስለዚህ ሀዊ መወልወያዋን ይዛ ከቀረጻው ሳትለይ ሰነበተች።

በሦስተኛው ቀን የመኮንኑ ሠራተኛ ሆና የምትጫወተው ልጅ ሙቀቱ ጣላትና ሐኪም ቤት ተወሰደች። ቀሚሷ ልክ የሆነው ለሀዊ ብቻ ነበር።

“ቀላል ነው፣ እህቴ” አላት በዕውቀቱ። “የውስጥ አርበኛ ነሽ። ደብዳቤውን ሰርቀሽ ጡትሽ ሥር ሸሽገሻል። መኮንኑ ይጠይቅሻል፣ አላውቅም ትያለሽ።”

መኮንኑ ከከተማው ትምህርት ቤት የመጣ የፈረንሳይኛ መምህር ነው። በሱፍ ካፖርቱ ውስጥ ላቡ እየተንቆረቆረ፣ “ደብዳቤው የት ነው?” ብሎ ጮኸ።

“አላውቅም፣ ጌታዬ።”

“አቁሙ!” አለ በዕውቀቱ። “ፍሪ እንጂ! ቢያገኝብሽ እኮ ይሰቅልሻል።”

“ከፈራሁማ ያገኝብኛል፣ ጋሽ በዕውቀቱ።”

“ታዲያ ፍርሃቱ የታለ?”

“ውስጥ ነው።”

“ካሜራው ውስጥ አያይም።”

“ሰውዬውስ መቼ ያያል?”

በዕውቀቱ ራሱን አከከና እንደገና አስጀመረ። መምህሩ ጠረጴዛውን በቡጢ መታ። ሀዊ ብርጭቆውን አንስታ ሥሩን ወለወለች፣ ዓይኗን የካፖርቱ ቁልፍ ላይ ጣለች።

“አላውቅም፣ ጌታዬ። ሻይዎ ቀዝቅዟል፣ ልቀይርልዎ?”

መምህሩ በጥፊ ሊያጮላት ነበር የተባለው። ግራ ገብቶት፣ “አዎ፣ እባክሽ” አለ።

ሀዊ ማድ ቤት ገብታ በሩን ዘጋችና የሩዝ ጆንያው ላይ ቁጭ አለች። ወረቀቱን ከጡቷ ሥር ስታወጣው በላብ ርሷል፤ ምንም አልተጻፈበትም። እሷ ግን የአርባ ሰው ስም ያለበት መስሏት ነበር። ትንሽ አለቀሰችና ሻዩን ይዛ ወጣች።

ፊልሙ ከስምንት ወር በኋላ ካርቲየ 7 ቢስ በሚባለው ሰፈር፣ ኢትዮጵያውያን በሚሰበሰቡበት አዳራሽ ታየ። “ሻይዎ ቀዝቅዟል” ስትል አዳራሹ በጭብጨባ ተናጋ። ባንቴ የሚባሉ ሽማግሌ ሾፌር ከመቀመጫቸው ተነሥተው እጅ ነሷት። ቤቷን ለማየት የመጣችው ማዳም ዙለይካ ግን አላጨበጨበችም። አማርኛ አታውቅም።

መኪና ውስጥ ሲገቡ ግን፣ “ያንን ፊት አውቀዋለሁ” አለቻት። “ልጄ ናዒማ የት ሄደች ብዬ በጠየቅሁሽ ቁጥር የምታሳዪኝ ፊት ነው።”

ሀዊ ዓይኗን የማዳም የእጅ ቦርሳ ላይ ጣለች። “አላውቅም፣ ማዳም።”

“አዎ፣ እሱ ነው” አለች ማዳም ዙለይካ።

በማግሥቱ ናዒማን ራሷን ጠየቀቻት። ናዒማ የውስጥ አርበኛ አልነበረችም፤ አሥር ደቂቃ ሳይሞላ ስለምትወደው ልጅ፣ ስለ ቤተሰቡና በየሐሙሱ ስለሚገናኙበት ቦታ አንድ ሳታስቀር ዘረገፈች። ልጁ ሽማግሌ እንዲልክ ተነገረው፣ ላከም።

ሀዊን ከሥራ ያባረራት የለም። ማዳም ዙለይካ ግን ከዚያ ወዲህ እሷን ምንም ነገር መጠየቅ ትታለች።