ቀለም እምቢ ያለች ጀልባ

ወንድሜ ላሊ ጀልባዋን ለመሸጥ የቀረው የእኔ እሺታ ብቻ ነበር። አባታችን ለሁለታችን ነው የተዋት። እኔ ግን አልሸጥም ብዬ ሰባት ዓመት አሸዋ ላይ አስቀመጥኳት። በኋላ ላሙ ደሴት ላይ ያለ አንድ ሆቴል እንግዳ የምታመላልስ ጀልባ ይፈልጋል ሲሉኝ ሥራ አስኪያጁን ለምኜ አመጣሁት። ገና ሳይጠጋት አፍንጫውን ያዘ።

«የሻርክ ዘይት ትሸታለች፤ ሽታዋ እንግዶቼን ያስታውካቸዋል። ነጭ ቀለም ቀብተው ውኃው እዚህ ድረስ ለሚመጣበት ለትልቁ የባሕር ሙላት ካደረሱልኝ ሥራው የእርስዎ ነው።»

ላሊም ሽማግሌ ፊት ቃል ገባ። በዚያ ሙላት ተቀብታ ባሕር ከገባች ሁለተኛ ስለ ሽያጭ ላያነሳ፣ ካልገባች ግን ሊሸጣት፤ እኔም እሺ አልኩ። ሃያ ቀን ነበረኝ።

ትምህርት የለኝም፤ ሥራ ግን አልፈራም። በሳሙና አጠብኳት፣ ሦስት ቀን ፀሐይ አስመታኋት፣ ከዋናው ቀለም በፊት የሚቀባውን ፕራይመር ለቀለቅኳት። በአራት ሰዓት ይደርቃል ብሎ ባለሱቁ ከጣሳው ላይ አንብቦልኛል። በማግስቱ ብነካት መዳፌ ተጣበቀ። በሦስተኛው ቀንም ያው ሙጫ። አሸዋውም ዝንቡም ተለጠፈባት። ጎረቤቴ ምዋናሚዜ ስታልፍ ጥቁር ልብሷ ተይዞባት ጎትታ አስለቀቀችው።

«አንቺ ሴትዮ፣ ጀልባ ነው የምትሠሪው የአይጥ ወጥመድ?»

«እለፊ! ከአይጥ በፊት አንቺ ገባሽበት።»

እርጥበቱ ነው ብዬ ነፋስ ጠበቅኩ። አወፍሬ ቀብቼ ነው ብዬ ፍቄ አሳስቼ ደገምኩ። ያው ነው። በመጨረሻ ጣሳውን ተሸክሜ ባለሱቁ ፊት ዘጭ አደረግኩት።

«ቀለሙን ያቀጠንክበት ቲነር ውስጥ ላምባ ጨምረህበታል!»

«እትዬ ምዋናኮምቦ፣ ቀስ ይበሉ እንጂ።» ከዚያው ጣሳ ቀድቶ አዲስ ሳንቃ ላይ ቀባ። «ከቀትር በኋላ፣ የአስር ሶላት ሲያበቃ መጥተው ይንኩት።»

ስመለስ ሳንቃው እንደ ሸክላ ሳህን ደርቋል። ጣሳዬን ይዤ ወጣሁ። ጥፋቱ የጣሳው ካልሆነ የእንጨቱ ነው።

ጀልባ ሲሠሩ ያረጁትን አናጢ፣ ሽማግሌውን ፉሞን ጠራሁ። ጎኗን በጥፍራቸው ጫር አድርገው ጣታቸውን አሸተቱ።

«ይሄ እንጨት ዘይት ጠጥቷል፣ ልጄ። ሳሙና ላዩን እንጂ ሆዱን አያጥበውም። ዘይቱ ከውስጥ እየወጣ ቀለምሽ አይደርቅም። እስከ ጥሬው እንጨት ፍቀሽ፣ በእሳት ለብልበሽ፣ በቲነር አጥበሽ፣ በብርጭቆ ወረቀት ፈትገሽ ነው። የወር ሥራ ነው።» ደግመው አሸተቱ። «አባትሽ በዓመት አንዴ ነበር ዘይት የሚቀባት። ማን ነው እንዲህ ያጠገባት?»

እኔ ነኝ። ተሰነጠቀች፣ በሰበሰች ብሎ ላሊ ሰበብ እንዳያገኝ፣ ሰባት ዓመት በየወሩ የሻርክ ጉበት እያቀለጥኩ ያጠጣኋት እኔ ነኝ።

ለሙላቱ ስምንት ቀን ቀርቶት ነበር። መፋቂያ ያዝኩ። ላሊ መጥቶ እጁን አጣምሮ ቆመ።

«ታውቅ ነበር?» አልኩት።

«ምኑን?»

«ዘይት የጠገበ እንጨት ቀለም እንደማያደርቅ።»

«ስንት ዓመት መርከበኛ ነኝ፣ እንዴት አላውቅም? ተይ ብልሽ ግን ትሰሚኝ ነበር?»

አልሰማውም ነበር። ይሄ ነው ያንገበገበኝ። ፊቴን አዙሬ መፋቄን ቀጠልኩ። መዳፌ ተልጦ ደማ።

ሙላቱ መጥቶ ሲነካት አንድ ጎኗ ተፍቆ ገርጥቷል፣ ሌላው እንደ ሙጫ ይጣበቃል። ሆቴሉ የሌላ ሰው ጀልባ ያዘ። ላሊም በቃሉ ሸጣት፤ የገዛት ባሕሩ ዳር መሸታ ቤት የከፈተ ሰው ነው። ለሁለት ሰንጥቆ የመጠጥ መቅጃ ባንኮኒ አደረጋት። በማሽን በሁለት ቀን ፍቀው ጨረሷት አሉ። ምዋናሚዜ ሄደን እንያት ትለኛለች። አልሄድም።

ለኢድ ላሊ ልጆቹን ይዞ መጣ። ሻይ ቀዳሁለት፣ ጠጥቶ ሄደ። ስለ ጀልባዋ እሱም አላነሳ፣ እኔም አላነሳሁ።