የማይሞቀው ፕሮሰሰር

ወንድሜ ኡመይር ስልክ ላይ አያወራም። ካርቱም ከገባ ጀምሮ «ደህና ነኝ፣ አልሐምዱሊላህ» ብሎ ይዘጋል። ወሬ የሚመጣለት ሲጫወት ብቻ ነው። ልጆች ሳለን አባታችን መተማ ላይ የፕሌይስቴሽን ቤት ነበራቸው፤ እዚያ የስክሪን ኳስ እየተጫወትን ያልነገረኝ ምስጢር የለም። ስለዚህ ወደ ሊቢያ ሊሻገር ነው ሲባል ስሰማ ደውዬ እንዳይሄድ አልለመንኩትም። ኮምፒውተር ልገጣጥም ተነሣሁ።

እሱ በሚሠራበት ኢንተርኔት ቤት ያንኑ የድሮ ጨዋታ ኮምፒውተር ላይ የሚያስኬድ ፕሮግራም አለ፤ ኢሙሌተር ይሉታል። ሁለት ሰው ከተለያየ አገር ተገናኝቶ ይጫወትበታል። ምን ልግዛ ብዬ ብጠይቀው ከጻፈልኝ ሁሉ ረጅሙን መልእክት ላከ።

«እታለሜ፣ ውድ ቪዲዮ ካርድ አያስፈልግሽም። ራም ሁለት ጊጋ ይበቃል። ያለሽን ብር ሁሉ ፕሮሰሰሩ ላይ አድርጊው፤ የኮምፒውተሩ አንጎል እሱ ነው። ፈጣን ይሁን። ሌላው ቀልድ ነው።»

እዚሁ መተማ በሽር ከካርቱም የመጣ ያገለገለ የኮምፒውተር ዕቃ ይሸጣል። ሁለት ፕሮሰሰር መስታወቱ ላይ አኖረልኝ።

«ይኼ ፈጣን ነው፤ ግን እሳት ነው። በሚያዝያ ሥጋ ትጠብሺበታለሽ። ያኛው ቀስ ይላል፤ አይሞቅም።»

በማስተምርበት ትምህርት ቤት በአንድ መጋቢት ሦስት ኮምፒውተር ሲቃጠል አይቻለሁ። ቆላ ውስጥ ትራክተር የሚገዛውም፣ የውሃ ሞተር የሚገዛውም አስቀድሞ የሚጠይቀው «ይሞቃል ወይ?» ብሎ ነው።

«እንግዲህ ቲቸር አንቺ ነሽ» አለ በሽር።

«የማይሞቀውን ስጠኝ።»

በተረፈኝ ብር ሁለት ማቀዝቀዣ ማራገቢያ ጨመርኩበት። ለኡመይር አልነገርኩትም።

እሁድ ከሰዓት፣ ድንበሩ ላይ በሚሠራው የሱዳን ሲም ኢንተርኔት ተገናኘን። ተጫዋቾቹ ጭቃ ውስጥ እንደሚሄድ ሰው እየተጎተቱ ወጡ። የእኔ ስክሪን ብቻ መስሎኝ ነበር። ለካ ፕሮግራሙ አንዱ ሌላውን ጥሎ እንዲሄድ አይፈቅድም፤ ፈጣኑ ዘገምተኛውን ይጠብቃል። ካርቱም ያለው የእሱም ጨዋታ በእኔ ልክ ይጎተት ነበር።

«እታለሜ፣ ተጫዋቾችሽ ጾም ላይ ናቸው እንዴ? አስፈጥሪያቸው እንጂ!»

ሳቅኩ። እሱም ሳቀ። ድምፁ የድሮው ሆነ።

«ስሚማ፣ አንድ ነገር ልነግርሽ…»

ኳሷ አየር ላይ ቆመች። ድምፁም ተቆራረጠ።

«ኧረ ይኼ አይሆንም። የትኛውን ፕሮሰሰር ነው የገዛሽው?»

ነገርኩት።

«ፈጣኑን ብዬሽ አልነበር?»

«ይሞቃል ቢለኝ ነው።»

«ይሙቃ! ለሁለት ሰዓት ጨዋታ ቢሞቅ ምን ይሆናል?»

«ለሚመጣው እሁድ እቀይረዋለሁ። ልትነግረኝ የነበረው ምንድን ነው?»

«ሲፈጥን እነግርሻለሁ» አለና ወጣ።

ሰኞ በሽር እያጉረመረመ ቀየረልኝ። እሁድ ከፈትኩት። ኳሷ ልክ እንደ አባታችን ቤት በረረች። የኡመይር ስም ግን አልበራም። ስልኩ ዝግ ነው። አብሮት የሚኖረው ኢሳ ነው መልሶ የጻፈልኝ፦ «እነ ኡመይር ሐሙስ ወደ ሊቢያ ሄዱ። አትደውይ ብሏል።»

ሁለት ሰዓት ሙሉ ብቻዬን ከማሽኑ ጋር ተጫወትኩ። ከዚያ አጥፍቼ የጎን ክዳኑን ከፈትኩና በሽር «እሳት ነው» ያለው ፕሮሰሰር ላይ የተቀመጠውን ብረት በጣቴ ነካሁት።

ለብ ብሏል። ለብ ብቻ።