የቡታን ስም የፈለገው ሰው

ደብዳቤው የመጣው አረፋ ሲቃረብ፣ የከተማችን የሲያልኮት መንገድ በበሬና በፍየል በተሞላበት፣ ሠራተኛው እጁ ማሽን ላይ ልቡ ገበያ በሆነበት ሰሞን ነው። ኢናየት የቀዶ ሕክምና መቀስና ወረንጦ እየሠራ ለውጭ አገር የሚልክ ሰው ነው። ኢሜይሉን፣ ዌብሳይቱን፣ ከጀርመን ገዢዎች ጋር መጻጻፉን ለልጁ ለሱምቡል ትቶላታል። በፖስታ የሚመጣውን ግን እስከ ዛሬ ራሱ ነው የሚከፍተው። አባቱም እንዲህ ያደርጉ ነበር፤ በእጅ ያልተያዘ ወረቀት ለእነሱ ወረቀት አይደለም።

ፖስታው ወፍራም ነበር። ከላይ ክንፉን የዘረጋ ወፍ ታትሞበታል፣ ከወፉ ሥር «ዓለም አቀፍ የስም ጥበቃ ማዕከል» ይላል። የድረ ገጽዎ ስም፣ ይላል ደብዳቤው፣ ማለትም ደንበኞች በኢንተርኔት እርስዎን የሚያገኙበት አድራሻ፣ ዘመኑ ሊያበቃ ነው፤ በወቅቱ ካልታደሰ ከእጅዎ ሊወጣ ይችላል። ቀጥሎ በቀይ፣ «ስምዎን የሚፈልግ ሌላ ወገን ሊኖር እንደሚችል እናሳስባለን» ይላል። ግርጌው ላይ ደግሞ ጉንዳን በማያክል ፊደል፣ ይህ አገልግሎታችንን እንዲገዙ የቀረበ ግብዣ እንጂ የዕዳ ጥያቄ አይደለም ተብሎ ተጽፏል።

ይህን ያረቀቀው ሰው ሞኝ አይደለም። የትኛው መስመር እንደሚነበብ፣ የትኛው እንደማይነበብ አጥንቶ ነው የጻፈው። ነገ ዳኛ ፊት ቢያቆሙት ዋሸ የሚባልበት አንድ ቃል አይገኝም፤ «ሊሆን ይችላል» ማለት ወንጀል የሆነበት አገር የለም። ተራ ሌባ ቢያንስ በር ለመስበር ይደክማል። ይህኛው ባለቤቱ ራሱ በሩን ከፍቶ፣ ዕቃውን አሸክሞ፣ አመስግኖ እንዲሸኘው ያደርጋል።

ኢናየት ቀዩን መስመር ደጋግሞ አነበበው።

የድረ ገጹ ስም የአባቱ ስም ነው። ሚስትሪ ቡታ፣ ሚስትሪ የምንለው የእጅ ጥበብ አዋቂን ነው፣ በሰፈራችን አንቱ የተባሉ አንጥረኛ ነበሩ፤ ድርጅቱም «ቡታ እና ልጆቹ» ይባላል። ሲሞቱ ሁለት ወንዶች ልጆች ቀሩ፣ ኢናየትና ታናሹ ሻፋቃት። አብረው ሠሩ፣ ከዚያ ተጣሉ፣ ከዚያ ዘመድ ተሰብስቦ ለያያቸው። አዲሶቹ ማሽኖች ለታናሹ ሆኑ፣ ወርክሾፑና ስሙ ለታላቁ። ሻፋቃት በሽማግሌዎቹ ፊት፣ «ከዛሬ ጀምሮ በቡታ ስም አንዲት ወረንጦ አልሸጥም» አለ። አልሸጠምም። ቁርሾው እንዲሽር ደግሞ ሱምቡል ለሻፋቃት ልጅ ለዛሪያብ ታጨች። እኛ ዘንድ የተለያየ ወንድም የሚገጣጠመው በልጆቹ ነው። እነዚህ ልጆች ሳይታጩም ይፈላለጉ ስለነበር በውሉ የተጎዳ አልነበረም።

እንግዲህ ኢናየት አሰበ። የቡታን ስም የሚፈልግ ሰው አለ። ጀርመን ምን ያደርግለታል? ቻይናስ? ከራሱ ሌላ ያ ስም የሚጠቅመው በምድር ላይ አንድ ሰው ብቻ ነው። ደብዳቤው ማንንም አልጠራም፤ መጥራትም አላስፈለገው።

ወረቀቱን ለሱምቡል ቢያሳያት ነገሩ እዚያው ያበቃ ነበር። ነገር ግን እሷ ለዚያ ቤት የታጨች ናት። ስለ ሻፋቃት ተንኮል የሻፋቃትን ምራት ማማከር አልዋጥ አለው። ስለዚህ ደብዳቤውን አጥፎ ኪሱ ከተተ፣ ባንክ ሄዶ ደብዳቤው የጠየቀውን የማደሻ ገንዘብ ላከ፣ ለማንም ትንፍሽ አላለም። ወንድሙንም አልጠየቀም። እኛ ዘንድ የተበደለ ታላቅ ታናሹ ደጅ ሄዶ «ምን በደልኩህ?» አይልም። መበደሉ እንዲታወቅ ያደርጋል።

እሱ ያሳወቀው በታፋ ነው።

በዚያ ቤት በአረፋ በሬ ሲታረድ ከሁሉ በፊት የሚወጣው የቀኝ ታፋ ነው። ሳይቆረጥ፣ በነጭ ጨርቅ ተሸፍኖ፣ የድሃውም የጎረቤቱም ድርሻ ሳይነካ ወደ ሻፋቃት ቤት ይሄዳል። በተለያዩበት ዓመት እንኳ ሄዷል። ዘንድሮም ሚስቱ ናስሪን ታፋውን ሸፍና አዘጋጀችው።

«ማን ይውሰደው?» አለችው።

«ቆራርጪው።»

«ምኑን?»

«ታፋውን። ለጎረቤት ይከፋፈል።»

«የሻፋቃትን ታፋ?»

«በሬው የማነው?»

«በሬውማ ያንተ ነው» አለች ናስሪን። «ድርቅናውን ከማን እንደወሰደው ነው የማላውቀው።»

ግን ቆራረጠችው። እኩለ ቀን ሳይሞላ ሰፈሩ በሙሉ ሰማ። ሻፋቃት ቤት ድስቱ ተጥዶ፣ ሽንኩርቱ ተቁላልቶ፣ ሰው በር በሩን ሲያይ ዋለ። ምሽት ላይ ድስቱ ወረደ። ከበዓሉ በኋላ የሠርጉን ቀን ለመቁረጥ ትመጣለች የተባለችው የሻፋቃት ሚስት እግሬን አሞኛል ብላ ላከች። እግሯን እንዳላመማት የማያውቅ አልነበረም።

ዛሪያብ ለሱምቡል ደወለላት።

«ምን አድርገናችሁ ነው?»

«እኔ አንተን ልጠይቅ ስል?»

«አባቴ ሰው ማናገር ትተዋል። እናቴ ታፋ ታፋ ትላለች። ለሟች እንኳ እንዲህ አይለቀስም።»

«አትቀልድ።»

«እየቀለድኩ አይደለም። አባቴ ምን ሲሉ እንደሰማሁ ታውቂያለሽ? ‹ስድባቸው ደርሶኛል። ቀለበቱን እነሱ ሳይመልሱት እኛ ብንመልስ ይሻላል›።»

ሱምቡል ስልኩን ዘግታ በቀጥታ ወደ ወርክሾፑ ወረደች። አባቷ ከሞረድ ማሽኑ ፊት ቆሞ መቀስ ይመለከታል።

«አባጂ፣ ቻቻ ምን አጠፉ?» ቻቻ የምትለው አጎቷን ነው።

«እሱን ጠይቂው።»

«እርስዎን ነው የምጠይቀው። ቀለበቱ ሊመለስ ነው።»

ኢናየት መቀሱን አስቀመጠ። ወንድሙን ሲቀጣ ልጁን አብሮ እንደሚቀጣ እስከዚያች ደቂቃ ያሰበው አይመስልም። ከኪሱ ደብዳቤውን አውጥቶ ሰጣት። እሷም እንደቆመች ከታች ወደ ላይ አነበበችው።

«ይሄን ከፈሉ?»

«ከፈልኩ።»

ያኔ ተቀመጠች። «አባጂ፣ ማጭበርበር ነው። ስማችን የተመዘገበው ላሆር ከተማ ያሉት ሰዎች ጋ ነው፣ እያሳደስኩ ያለሁትም እኔ ነኝ፣ ጊዜው ገና ነው። እነዚህ እኛን አያውቁንም። በኢሜይልም ይልካሉ፣ እያየሁ አጠፋዋለሁ።»

«አንቺ ጋም ይመጣል? ለምን አልነገርሽኝም?»

«ስለ ቆሻሻ ምን ይነገራል?»

«እሺ፣ ስሙን የሚፈልግ እንዳለ በምን አወቁ?»

«አላወቁም። ለሁሉም ሰው ነው የሚልኩት።»

«ሁሉም ሰው ስሙን የሚመኝበት ወንድም አለው?»

«ወንድም የሚል የት ጋ ነው ያለው? ያሳዩኝ።»

ኢናየት ወረቀቱን ተቀብሎ ፈለገ። የለም።

«ቢሆንም» አለ።

የእንዲህ ያለ ደብዳቤ ጉዳት በተላከው ገንዘብ የሚለካ የሚመስለው ሰው ተሳስቷል። ደብዳቤው ጥርጣሬውን ይዞ አልመጣም፤ እዚያው ተቀምጦ ሲጠብቅ አገኘው። ቀዩ መስመር ምንም አልተናገረም፤ አንባቢው የቆየ ፍርሃቱን አምጥቶ ሞላበት። አሁን ወረቀቱ ሐሰት መሆኑ ሲነገረው ፍርሃቱ ያለ ወረቀት ቀጥ ብሎ ቆመ።

«ገንዘቡ ይሂድ» አለ ኢናየት። «ሻፋቃት ያን ስም አስቦት እንደማያውቅ ይናገር። በአፉ። ያኔ ታፋ አይደለም፣ በሬ እየነዳሁ ደጁ እሄዳለሁ።»

የታጨች ልጅ ከሠርጓ በፊት የአማቶቿን ደጃፍ አትረግጥም። ስለ ወርክሾፕ ግን ማንም ደንብ ያወጣ የለም። ሱምቡል አጎቷን ያገኘችው በራሱ ወርክሾፕ ነው። እርጥብ ስስ ጨርቅ ዘርግቶ መቀስ ይሞክራል፤ ጥሩ መቀስ እርጥብ ጨርቅ ሳይጎትት እስከ ጫፉ ይቆርጣል።

«የባለ ታፋው ልጅ መጣች» አለ ቀና ሳይል።

«ቻቻ፣ ይቺን ደብዳቤ ያንብቡልኝ።»

መነጽሩን አድርጎ አነበበ። ቀዩ ላይ ሲደርስ ቆመ፤ ግርጌውንም አነበበ፤ እንደገና ወደ ቀዩ ተመለሰ።

«እና እኔ ነኝ ብሎ አሰበ።»

«አዎ።»

«በሽማግሌ ፊት የሰጠሁትን ቃል ጠብቄ ስኖር አላየኝም። ወፍ ያለበት ወረቀት ሲመጣ አመነ።»

«ተታለው ነው። ደብዳቤው ውሸት ነው።»

«ውሸት መሆኑ ገብቶኛል፣ ማንበብ እችላለሁ። ሻፋቃት ነው ያለው ግን ደብዳቤው ነው?»

ሱምቡል ወረቀቱን ተቀብላ አጠፈችው። ይቅርታ ጠይቃ ብትወጣ ምናልባት ይበቃ ነበር። ነገር ግን አባቷ የጠየቀው ሌላ ነው።

«ቻቻ፣ አስበውት ያውቃሉ?»

ሻፋቃት መቀሱን አንስቶ ጨርቁን እስከ ጫፍ ቆረጠው። የተቆረጠውን ጠርዝ በብርሃን አየው።

«ዌብሳይታችሁ አልከፍት ያለ ጊዜ ትዝ ይልሻል?»

«ይለኛል።»

«ጀርመኖቹ እኔ ጋ ደወሉ። ቡታ ተዘጋ ወይ አሉኝ። እኔም ስሙ ያለቀበት መሰለኝ። ላሆር ለሚያውቀኝ ሰው ደውዬ ስሙ ነጻ ወጥቶ ይሆን ወይ ብዬ ጠየቅሁ። ‹ልይልህ?› አለኝ። ዘጋሁበት።»

«ለምን ዘጉበት?»

«ወጥቶ ቢሆንስ ብዬ።»

ሞረድ ማሽኑ ላይ ያለው ሠራተኛ የሆነ ነገር ጠየቀው፤ በእጁ አሰናበተው።

«እንግዲህ ንገሪው» አለ ሻፋቃት። «ወይም አትንገሪው። ካልነገርሽው ነገ መጥቼ አስቤው አላውቅም እላለሁ፣ ቀን እንቆርጣለን፣ ትዳሪያለሽ። ከነገርሽው የሚሆነውን አላውቅም። አባትሽ ነው፣ አንቺ ታውቂዋለሽ።»

ሱምቡል በእግሯ ተመለሰች። ውሸቱ ቀላል ነበር፣ ማንንም አይጎዳም፣ ዛሪያብንም ያተርፍላታል። ግን አባቷ ያልተነገረውን የሚያነብ ሰው ነው፤ ከአንድ ቀይ መስመር ሙሉ ክስ አውጥቷል። ወንድሙ መሐላውን ሲምል ዓይኑ ጥቂት ቢሰበር ከዚያች ስብራት ሌላ ክስ ያወጣል፤ እሷ ደግሞ ዕድሜዋን ሙሉ በሁለቱ ቤት መካከል ያን ክስ ስትጠብቅ ትኖራለች።

ነገረችው። ምንም አላስቀረችም።

ናስሪን ከኩሽና በር ላይ ቆማ እጇን በሻርፗ ትጠርጋለች።

«ደወለ?» አለ ኢናየት።

«ደወሉ።»

«ሰውየውም ልይልህ አለው።»

«አዎ።»

«እሱ ዘጋበት።»

«ወጥቶ ቢሆንስ ብዬ አሉኝ።»

ኢናየት ጢሙን አሻሸ። ሱምቡል ፊቱን እያየች የሚመጣውን ትጠብቃለች፤ እናቷም እንደዚያው።

«እኔ ብሆን አልዘጋም ነበር» አለ በመጨረሻ።

«ምን አልክ?» አለች ናስሪን።

«ጫማዬ የት ነው አልኩ።»

ሱምቡል መከተል አልቻለችም፤ የታጨች ልጅ ናት። ጣሪያ ላይ ወጥታ አባቷ በመንገዱ ሲርቅ አየችው። ባዶ እጁን ነበር። ፀሐይ ልትጠልቅ ስትል ዛሪያብ ደወለ። ከጀርባው ድምፅ ይሰማል።

«እየጮሁ ነው» አላት።

«እየተጣሉ ነው?»

«መጀመሪያ ተጣሉ። አባትሽ ‹ደውለሃል› አሉ፣ አባቴ ‹ዘግቻለሁ› አሉ፣ እንዲህ እየተባባሉ ቆዩ። ከዚያ ሁለቱም አለቀሱ፤ ማየቴን ለማንም እንዳትናገሪ። አሁን ለማዕከሉ መልስ እየጻፉ ነው። አባትሽ ስድቡን ይናገራሉ፣ አባቴ በስልካቸው ኢሜይል ይጽፋሉ። ‹ውሻ› የሚለው ላይ ተጨቃጨቁ።»

«ለምን?»

«አባቴ ውሻ ምን አጠፋ ይላሉ።»

«ቀለበቱስ?»

«የቱ ቀለበት? እናቴ የአዳራሽ ዋጋ እያጠያየቀች ነው። እግሯ ድኗል።»

ሱምቡል ጣሪያው ጠርዝ ላይ ተቀመጠች። ቀጥሎ ሌላ ነገር ትዝ አላት።

«ዛሪያብ፣ እንዳይልኩት። መልስ ከሰጡ አድራሻው ላይ ሰው እንዳለ ያውቃሉ፣ ከእንግዲህ አይለቁንም። ሩጥና ንገራቸው።»

እየሮጠ ሲሄድ ትሰማለች። በር ተከፈተ፣ የሁለት ሽማግሌ ድምፅ እኩል ተነሣ፣ አንዱ ሳቀ። ዛሪያብ ተመለሰ።

«ልከውታል» አላት። «አሁን ደግሞ የማዕከሉን ስልክ ቁጥር ፈልግልን፣ ደውለን እንስደባቸው እያሉኝ ነው።»