የእንስራው ፈዛዛ ጎን

ሙዚየሙ ታድሶ በተከፈተበት ጠዋት የልጅቷ እግር መሬት አልነካም። ተቆፍሮ የሚወጣ የሸክላ ስብርባሪ የምትገጣጥመው እሷ ናት፤ የጠገነችው ትልቅ እንስራ ዛሬ ለሕዝብ ይታያል። የጓጓችው ግን ለሕዝቡ ሳይሆን ለእናቷ ነበር። እናቷ ልብስ ሰፊ ናቸው። የተቀደደ ኮት ሲጠግኑ ባለቤቱ ራሱ ቀዳዳውን ፈልጎ ያጣዋል። ልጃቸው መርፌና ክሩን ትታ «ገል ለቃሚ» ከሆነች ወዲህ፣ ጎረቤት ስለ ሥራዋ ሲጠይቃቸው ወሬ ይለውጣሉ። ዛሬ ግን በዓይናቸው ያዩታል፤ አይተውም ሥራ ነው ይሉላታል።

የሙዚየሙ ቤት የድሮ ሹም መኖሪያ ነበር። እናቷ ቀሚሳቸውን ሰብሰብ አድርገው የእንጨቱን ደረጃ ሲጢጥ እያሰኙ ወጡ። ፎቅ ላይ በተሰቀሉት ሥዕሎች ላይ ልባቸው ቀረ፤ ከአንዲት ወይዘሮ ሥዕል ፊት ቆመው እጅጌዋ እንዴት እንደተቆረጠ በጣታቸው አየር ላይ ሲለኩ፣ ልጅቷ ጎትታ አወጣቻቸው።

የሸክላዎቹ ክፍል በር ላይ ቀጥ አሉ። እንስራው በመስኮቱ ብርሃን ውስጥ ሙሉ፣ ቀይ፣ ሆደ ሰፊ ሆኖ ተቀምጧል።

«ይኼ ሁሉ ገል ነበር?» አሉ። ልጅቷ ቀረብ ብለው እንዲያዩ ክንዳቸውን ሳብ አደረገች።

ሲቀርቡ ግን ፊታቸው ተለዋወጠ። የእንስራው ጎን ላይ መዳፍ የሚያህል ቦታ ከሌላው ፈዘዝ ብሏል። ግራ ቀኝ አዩና ጀርባቸውን ለእንስራው ሰጥተው በሻርፓቸው ጋረዱት። አንድ ባለ ባርኔጣ ሽማግሌ ብቅ ሲሉ፣ ሥዕሎቹ ይሻላሉ ብለው መለሷቸው።

«እማዬ፣ ምን እየሆንሽ ነው?»

«ዝም በይ። ቀለሙ አልገጠመልሽም። ሰው ሲወጣ ቶሎ ታስተካክይዋለሽ፣ እኔ በሩን እይዝልሻለሁ።»

ልጅቷ ወደ ጆሯቸው ተጠግታ ነገረቻቸው፦ ያ ቁራጭ ተፈልጎ የታጣ ነው፤ የሞላችው እሷ ናት፤ ቀለሙን ያፈዘዘችውም ከሩቅ ዓይን እንዳይዝ፣ ከቅርብ ግን እንዲለይ ብላ ነው። ካልተለየ የሷን እጅ ሥራ የጥንት ሰዎች ሥራ ነው ብሎ መዋሸት ይሆናል። ያን ቀለም እስክታገኝ ስንት ጊዜ ቀብታ ስንት ጊዜ እንደፋቀች እሷ ታውቃለች።

«ሆን ብለሽ?»

«ሆን ብዬ።»

እናቷ ሻርፓቸውን ሰበሰቡ። ወደ በሩ ሄደው ዓይናቸውን ጠበብ አድርገው አዩ፤ ጥጋኑ የለም። ቀረቡ፤ አለ። እንደገና ወደ በሩ ሄዱ፤ እንደገና ተመለሱ።

«እኔ ዕድሜ ልኬን መደበቅ ብቻ ነው የማውቀው» አሉ ለራሳቸው እንደሚያወሩ። «ይኼ መደበቅም መታየትም ነው። ከባድ ሥራ ነው።»

ወዲያውም ሄደው ባለ ባርኔጣውን ሽማግሌ ከሥዕሎቹ መሃል እጃቸውን ይዘው አመጧቸው።

«እዚህ ይቁሙ ጋሼ። ይታይዎታል? አይታይዎትም። አሁን ይቅረቡ። ልጄ ናት የሠራችው።»

ሌሎችም ተከተሉ። ክፍሉ ወደ በር በሚያፈገፍግና ወደ እንስራው በሚጠጋ ሰው ተሞላ። ዘበኛው ምን ተፈጠረ ብሎ ሲመጣ፣ እሱንም ክንዱን ይዘው በሩ ላይ አቆሙት።